ተመልካች ያጣው ዋንጫ

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ በደብተሬ ላይ እንደ ገለበጥሁት አላስታውስም። መምህራችን ፍቺውን በጠየቁን ቁጥርም እጃቸውን ከሚያወጡት ልጆች አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ምሳሌን በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ምሳሌው በራስ ላይ ሲደርስ ማየት ሌላ ነገር ነው። በእኔ ላይ የደረሰው በ2012 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ያውም ከአገራችን እጅግ ርቆ በሚደረግ በአንድ የእግር ኳስ ዋንጫ ምክንያት ነው። እነሆ፥ ታሪኩን እንደ ሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝንም ክፍል አልሸሽግም።

የእናቴ ወንድም በደብረ ብርሃን ከተማ፥ ሕዝቡ «ዲኤስቲቪ ቤት» እያለ የሚጠራው ዐይነት የኳስ ማሳያ ቤት ነበረው። ቤቱ ሰፊ አልነበረም። ግድግዳው ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ መቀመጫውም ከጣውላ የተመታ አግዳሚ ነበረ። ከፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎ ተሰቅሏል። መግቢያው ዐሥር ብር ነው፤ ሻይ ለብቻው ይከፈላል። የእኔ ሥራ ቅዳሜና እሑድ በር ላይ ቆሜ ገንዘብ መቀበል፥ ጨዋታው ሲያልቅም አግዳሚዎቹን ደርድሬ ወለሉን መጥረግ ነበረ። ደመወዜ ኳሱን በነጻ ማየት ነው።

ከደንበኞቻችን ሁሉ ፈጽሞ የማይቀሩት፥ ሱቃቸው ከቤቱ ጎን የሆነ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኛ ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን። የሱቃቸውና የቤቱ ግድግዳ አንድ ስለ ነበረ፥ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ካቆመ ጨዋታው ሊጀመር ነው ማለት ነው። የፊተኛው አግዳሚ የቀኝ ጫፍ የእርሳቸው ነው፤ እርሳቸው ባይኖሩም ማንም አይቀመጥበትም። እንደ ሌላው ሰው አንድ የታወቀ ቡድን አልነበራቸውም። «አባባ፥ የማን ደጋፊ ነዎት?» ሲባሉ፥ «የተሸነፈው» ይላሉ። እውነትም በመጀመሪያው አጋማሽ ለአንዱ ሲያጨበጭቡ ቆይተው፥ ውጤቱ ከተገለበጠ በሁለተኛው አጋማሽ ለሌላው ያጨበጭባሉ። ይህ ነገራቸው ጎረምሶቹን ያናድዳቸው ነበር። እኔ ግን የአርሰናል ደጋፊ ነበርሁ፤ በእነዚያም ዓመታት አርሰናል ደጋግሞ ይሸነፍ ስለ ነበር፥ አባባ ዘወትር የእኔ ወገን መስለው ይታዩኝ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በዓል የዋለበት ሰኞ ነበር። በዚያኑ ዕለት ማታ በ4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አርሰናል በእንግሊዝ የማኅበር ዋንጫ አምስተኛ ዙር ከፖርትስማውዝ ጋር ይጋጠማል። በዓል በመሆኑ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፥ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩም ነበሩ። አርሰናል 2 ለ 0 አሸነፈ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፥ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተንጠላጥሎ ይጮህ ነበር። ያ መጠጋጋት ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው እንኳ በመካከላችን አልነበረም።

ስለዚህ ዋንጫ ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልግለጽ። በተለምዶ «ኤፍ.ኤ. ካፕ» የሚባለው ይህ ውድድር በዓለም ካሉት አገር አቀፍ የእግር ኳስ ውድድሮች ሁሉ በዕድሜ የቀደመ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1871 ያቀረበው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ቻርልስ አልኮክ ነው። አልኮክ ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት ሲማር፥ የተማሪዎቹ ማደሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው በጥሎ ማለፍ ይጋጠሙ ነበርና፥ ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው ይባላል። እንግዲህ ይህ ታላቅ ዋንጫ ከትምህርት ቤት ሜዳ የወጣ ስለ ሆነ፥ እኛ ተማሪዎች ብንኮራበት ነውር የለውም። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት 15 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። የመጨረሻው ግጥሚያ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1872 በሎንዶን ተደርጎ፥ አልኮክ የሚመራው ዋንደረርስ ሮያል ኢንጂነርስን 1 ለ 0 አሸነፈ። ያዩትም ሰዎች 2,000 ያህል ነበሩ።

የጥሎ ማለፍ ሕግ ቀላል ነው፤ ያሸነፈ ያልፋል፥ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሊግ ውድድር ዛሬ የተሸነፈ ነገ ሊክስ ይችላል፤ በዚህ ግን ነገ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ በየዓመቱ ከ700 የሚበልጡ ክለቦች ስለሚሳተፉበት፥ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚጫወቱበት የመንደር ቡድን ዕጣ ከቀናው ከታላላቆቹ ጋር ይገናኛል። ሰዎች ይህን ዋንጫ የሚወዱት ስለዚህ ይመስለኛል።

በዌምብሌ ስታዲየም የመጀመሪያው የፍጻሜ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲደረግ፥ በሕግ የተቈጠረው ተመልካች ብቻ 126,047 ነበር። አጥርና ግንብ ዘሎ የገባው ከዚህ በላይ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ ጨዋታውን መጀመር አልተቻለም። በነጭ ፈረስ የተቀመጠ አንድ ፖሊስ ከጓደኞቹ ጋር ሰዉን ቀስ በቀስ እየገፋ እስከ መሥመሩ አደረሰውና ተጫወቱ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ዋንጫው ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ታላቁ የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲያዳርስም ዋንጫው አስቀድሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆሞ ነበርና፥ በሽታ ራሱ መጥቶ በመካከል ሲያቋርጠው የታየው በእኛ ዕድሜ ነው።

ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሁለት ወሬ በአንድ ቀን ሰማን። አንደኛው፥ የአርሰናል አሠልጣኝ ሚኬል አርቴታ በኮሮና ቫይረስ መያዙ ከተነገረ በኋላ የእንግሊዝ እግር ኳስ መቆሙ ነው። ሁለተኛው፥ በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ነው። የሩቁና የቅርቡ ወሬ በአንድ ቀን ሲገናኙ፥ ዓለም በድንገት የጠበበች መሰለኝ። ሰኞ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቀኑን በአውሮጳ አቆጣጠር ብናየው ማርች 16 ነው፤ ያ የመጀመሪያው ፍጻሜ ከተደረገ ልክ 148 ዓመት መሆኑ ነው። አጎቴም በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑን ከፍርግርጉ አውጥቶ ወደ መኖሪያ ቤቱ ወሰደ፤ ዲሹንም ከጣራው አወረደና በቤቱ ጣራ ላይ ተከለው። የቀሩት ባዶ አግዳሚዎችና አንዲት አሮጌ ቴሌቪዥን ብቻ ናቸው። ለእርሷም አንድ ትንሽ ዲሽ ጣራው ላይ ተተወላት።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብም ተከለከለ። በሚያዝያ መጨረሻ የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሳይኖረው፥ ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ። በእንግሊዝም የዝቅተኞቹ ሊጎች ውጤት ሁሉ እንዳልነበረ ተደርጎ ተፋቀ። እኛም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳንፈተን ወደ ሰባተኛ እንድናልፍ ተወሰነ። አንዳንድ ጓደኞቼ ደስ አላቸው። እኔ ግን፥ ያለ ፈተና ማለፍና ያለ ተመልካች ማሸነፍ አንድ ዐይነት ጣዕም እንዳላቸው በኋላ ተረዳሁ።

አባባ በዚያ ወራት ሥራ አልፈቱም። ሰው አዲስ ልብስ ማሰፋቱን ቢተውም፥ እርሳቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እየሰፉ ይሸጡ ነበር። አስም ስለ ነበረባቸው ደረታቸው ደካማ ነው፤ ስለዚህ ገዢው በደጅ እንዲቆም በሱቃቸው በር ላይ ገመድ ዘርግተው ነበር። አጎቴ ግን ሊሰፋው የሚችለው ነገር አልነበረውም። የቤት ኪራዩ ሦስት ወር ውዝፍ ሆነ፤ ከአግዳሚዎቹም ግማሾቹን ለእንጨት ሥራ ቤት ሸጠ።

በሰኔ ወር የእንግሊዝ ኳስ ያለ ተመልካች ተመለሰ። የማኅበር ዋንጫው ሩብ ፍጻሜም ሰኔ 20 እና 21 እንዲሆን ተቆረጠ። ይህን የሰሙ ጎረምሶች ወደ አጎቴ እየመጡ፥ «ጋሼ፥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን እንይ፤ በነፍስ ወከፍ ሃምሳ ብር እንከፍላለን» ይሉት ጀመር። ሃምሳ ብር ለአጎቴ በዚያን ጊዜ ትንሽ አልነበረም። እኔም ከእነርሱ ጋር ሆኜ ለመንሁት። እርሱ ግን፥ «የአባባን ደረት ታውቃላችሁ። ድምፁን ሲሰሙ ሳይመጡ አይቀሩም። ከእናንተ ሃምሳ ብር ተቀብዬ ለእርሳቸው ምን ልመልስ ነው?» ብሎ አሰናበታቸው። እኔም በልቤ ተቈጣሁት፤ የአንድ ሽማግሌ ደረት የእኔን ቡድን ጨዋታ የሚያስቀር መሆኑ ግፍ መሰለኝ።

ሰኔ 20 ቀን ቅዳሜ አጎቴ ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄደ። ክረምቱ ስለ ገባ፥ ዝናብ ቢያፈስስ መስኮቱን እንድዘጋና ዕቃውን እንዳይ የኳስ ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ተወልኝ። በማግሥቱ እሑድ ከቀኑ በ9 ሰዓት አርሰናል በሼፊልድ ዩናይትድ ሜዳ ይጫወታል። ጠዋት ቁልፉን በኪሴ ስነካው፥ ማታ ያሰብሁትን ነገር እንደማደርገው ዐወቅሁ። አምስት ጓደኞቼን ጠራሁ፤ አሮጌዋን ቴሌቪዥን ከፈትንና መስኮቱን ዘጋን። «ድምፅ እንዳናሰማ» ተባባልን።

ሐሳባችን የጸናው 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ፔፔ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገባ ሁላችንም ጮኽን። በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አባባ የራሳቸውን ስፌት መሸፈኛ አድርገው ቆመዋል። «ልጆች፥ ቤቱ ተከፈተ ወይ?» አሉ። «አልተከፈተም፥ ይመለሱ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ከሦስት ወር በላይ ያጡትን ደስታ በፊታቸው ላይ ሳየው አንደበቴ ተያዘ። ገብተው በቀኝ ጫፍ በቦታቸው ተቀመጡ። በ87ኛው ደቂቃ ሼፊልድ አቻ አደረገ። ሰዓቱ አልቆ በተጨመረችው ደቂቃ ሴባዮስ ለአርሰናል ሁለተኛውን አገባ። ያን ጊዜ ስድስታችንም ተነሥተን ማንን እንዳቀፍን ሳናውቅ አቀፍን፤ ከመካከላችንም አባባ ነበሩ። መሸፈኛቸው በዕቅፋችን ወርዶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እርሳቸው ይሥቁ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አባባ ማሳል ጀመሩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ። ሐምሌ 5 ቀን መኪና መጥቶ ወደ ሕክምና ወሰዳቸውና፥ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻቸው እንዲቆዩ ሆነ። በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። ከሰባታችን አንዱ በሽታውን ይዞ ገብቶ እንደ ሆነ፥ በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። ሲነጋ ወደ አጎቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም። እጁን ዘረጋና ቁልፉን ተቀበለኝ። «ይህን የሰጠሁህ በር እንድትዘጋበት ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሐምሌ 11 ቀን ማታ አርሰናል በግማሽ ፍጻሜ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ተጫወተ። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ውጤት የሚፈልግ ሰው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነበረበት። እኔ አልጠየቅሁም። ከዚያ በፊት የአርሰናልን ውጤት ሳልሰማ ተኝቼ አላውቅም፤ በዚያች ሌሊት ግን የምጠብቀው ሌላ ውጤት ነበር። እርሱም በማግሥቱ መጣ፤ አባባ ነጻ ናቸው፥ የያዛቸው ብርድና አስም ነው ተባለ። አርሰናል በኦባሜያንግ ሁለት ግቦች 2 ለ 0 ማሸነፉን የሰማሁትም በዚያው ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ ነገር ግን የተጨነቅሁባቸው ቀኖች በአንድ ወረቀት የሚፋቁ አልነበሩም። አባባ ባይታመሙብኝም፥ እንዲታመሙ አድርጌ ሊሆን ይችል ነበር። ዕድል ከኀላፊነት ነጻ አያወጣም።

የፍጻሜው ግጥሚያ ቅዳሜ ሐምሌ 25 ቀን ከምሽቱ በ1 ሰዓት ተኩል፥ አርሰናል ከቼልሲ ሆነ። አባባ ድነው ወደ መኖሪያቸው ቢመለሱም ከቤት እንዳይወጡ ተመክረው ነበር፤ በቤታቸውም ቴሌቪዥን አልነበረም። አጎቴ አስጠርቶኝ፥ «አባባ ኳሱን ማየት አይችሉም። ስለዚህ ዐይናቸው ትሆናለህ፤ በስልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግራቸዋለህ። ቅጣትህ ይኸው ነው» አለኝ። የስልክ ካርዱንም እርሱ ገዛ። በአጎቴ ቤት እርሱ፥ ባለቤቱ፥ ልጁና እኔ ተቀመጥን፤ ልክ አራት ሰው ነበርን፥ እንደ ዐዋጁ። ስልኩን ስደውል እንደ ወትሮው ስለ እጅ መታጠብና ስለ ሁለት የአዋቂ ርምጃ ርቀት የሚመክረው ድምፅ አስቀድሞ ተሰማ። ቀጥሎ አባባ፥ «እሺ ልጄ፥ ማን ወጣ?» አሉ።

እንደ ጋዜጠኛ ለመናገር ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። በ5ኛው ደቂቃ ፑሊሲች ለቼልሲ አገባ። ድምፄ ስልል ሲል፥ «ገባብህ? እንግዲህ ዛሬ ከአንተ ጋር ነኝ» አሉኝ። በ28ኛው ደቂቃ ኦባሜያንግ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። «አሁንስ አባባ?» ብላቸው፥ «አሁን ዕረፍት ላይ ነኝ» አሉ። አጎቴ እንኳ በዚህ ሣቀ።

ከዕረፍት በኋላ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ፤ ምስሉ ተቆራርጦ ጨርሶ ጠፋ። የክረምት ዝናብ ለዲሽ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባባ በማዶ ይጠብቃሉ። በዚያች ቅጽበት ከልቤ ፈጥሬ ልንገራቸው አሰብሁ፤ ኳሱን ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ባደርገው ማን ያውቅብኛል? ግን የሰኔው እሑድ ትዝ አለኝ። «አባባ፥ ምስሉ ጠፍቷል፤ ምንም አላይም» አልኋቸው። «ደግ ነው» አሉ፤ «ዝናቡ ለእኔም ይሰማኛል፤ እርሱን አብረን እንስማ።» ጥቂት ደቂቃ ሁለታችንም ዝም ብለን ዝናብ አዳመጥን። ምስሉ ሲመለስ ውጤቱ እንደ ነበረ ነው። በ67ኛው ደቂቃ ኦባሜያንግ ተከላካዩን አታልሎ ኳሷን በበረኛው ላይ ከፍ አድርጎ አገባት። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አሉ አባባ፥ «እንግዲህ ቼልሲ ነኝ።» ስድስት ደቂቃ ቆይቶ የቼልሲው ኮቫቺች በቀይ ካርድ ሲወጣ፥ «አሁንማ ጨርሶ ቼልሲ ነኝ» አሉ።

ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ለአርሰናል 14ኛው ዋንጫ ነው፤ ከዚህ ቁጥር የደረሰ ሌላ ክለብ የለም። አርቴታ በተጫዋችነት ዘመኑ ያነሣውን ዋንጫ፥ በሽታውን ተሸንፎ ሳይሆን አሸንፎ፥ አሠልጣኝ ሆኖ አነሣው። ከዚህ ቀደም አሸናፊዎቹ ደረጃ ወጥተው በክብር እንግዶች ፊት ይቀበሉት ነበር። በዚያን ዕለት ግን ዋንጫው በሜዳው ላይ ተቀምጦ ራሳቸው አነሡት። ኦባሜያንግም ሊያነሣው ሲል ከእጁ ወድቆበት ኳኳታው ተሰማ። ይህን ስነግራቸው አባባ ሣቁ፤ ሣቁና ሳሉ።

«ሰዉ ያጨበጭባል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰው የለም አባባ። ወንበሩ ባዶ ነው። የሚሰማው ጭብጨባ ከመቅረጫ የሚለቁት ነው፤ የውሸት ነው» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ስልኩን የሆነ ቦታ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ። ከዚያም በስልኩ ውስጥ የሁለት አሮጌ እጆች ጭብጨባ መጣ፤ ዝግ ያለ፥ ግን የማያቋርጥ። «አባባ፥ ለማን ነው?» አልኋቸው። «ለሁለቱም» አሉ፤ «ያለ ሰው ተጫውተዋልና።» አጎቴም ሰምቶ ማጨብጨብ ጀመረ፥ ባለቤቱም፥ ልጁም፥ እኔም። ያን የሚያህል ስታዲየም ባዶ ሆኖ ሳለ፥ አምስት ሰዎች በደብረ ብርሃን በሁለት ቤት ሆነን ስናጨብጭብ ቆየን።

በማግሥቱ የአባባ ጎረቤት የሆነ ልጅ አንድ ነገር ይዞልን መጣ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠርዙ በክር የተሰፋ ዐሥር ብር ነበር። የመላክታቸው ቃልም፥ «የመግቢያ ነው» የሚል ነበር። አጎቴ ብሩን ብዙ ጊዜ አገላብጦ ካየው በኋላ ለእኔ ሰጠኝ፤ «ሠርተህ ያገኘኸው ነው» አለ። ጨርቁን ግን ራሱ አስቀረው።

ዋንጫው በተበላ በአራተኛው ቀን የአርሰናል ክለብ 55 ሠራተኞቹን ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። ምክንያቱም ተመልካች ስለሌለ ገቢው መጉደሉ ነው። አጎቴ ይህን ሰምቶ፥ «ለካ እነርሱም አግዳሚ ይሸጣሉ» አለ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በጥር 2021፥ ማሪን የተባለ የስምንተኛ ደረጃ ክለብ በዚሁ ዋንጫ ሦስተኛ ዙር ከቶተንሃም ጋር ተገናኘ። ሜዳው በአንዳንድ ሰው ቤት ጓሮ የተከበበ፥ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። በኑሮው ሙሉ አንድ ጊዜ የሚያጋጥመው ገቢ በወረርሽኙ ምክንያት ሊቀርበት ሆነ። ያን ጊዜ ክለቡ መግባት የማይቻልበትን ትኬት፥ አንዱን በዐሥር ፓውንድ፥ ለሽያጭ አቀረበ። 30,697 ትኬት ተሸጠ። ማሪን 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ ግን ከጥፋት ዳነ። ይህን ስሰማ በጨርቅ የተሰፋችው ዐሥር ብር ትዝ አለችኝ። በእንግሊዝ ሠላሳ ሺህ ሰው ያደረገውን፥ አንድ ልብስ ሰፊ አስቀድመው አድርገውት ነበርና።

የአጎቴ ቤት በ2013 ዓ.ም. በግማሽ አግዳሚ ተከፈተ። ግንቦት 7 ቀን ሌስተር ሲቲና ቼልሲ ለዋንጫው ሲጋጠሙ፥ 20,000 ያህል ሰው ወደ ዌምብሌ እንዲገባ ተፈቅዶ ነበር። አባባ መሸፈኛቸውን አድርገው፥ መስኮቱ ተከፍቶ፥ በቀኝ ጫፍ ተቀምጠዋል። ጨዋታው ሲጀመር ያ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ይህስ የእውነት ነው?» አሉኝ። «አዎን አባባ፥ የእውነት ነው» አልኋቸው።

ሌስተር ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው። ስለዚህ አባባ ከመጀመሪያው ለእርሱ ያጨበጭቡ ነበር። በ63ኛው ደቂቃ ቲሌማንስ ከሩቅ መትቶ ሲያገባ፥ እንደ ልማዳቸው ወደ ቼልሲ ይዞራሉ ብለን ጠበቅን። አልዞሩም፤ እስከ መጨረሻው ከሌስተር ጋር ጸኑ። «ዛሬስ ለምን አልተገለበጡም?» ብላቸው፥ «አራት ጊዜ ወድቆ አንድ ጊዜ የተነሣ፥ አሸነፈ አይባልም፤ ዕዳውን ከፈለ ይባላል» አሉኝ።

እኔም የራሴን ዕዳ ከፍዬ እንደ ሆነ አላውቅም። ነገር ግን የዚያን ዓመት ታሪክ ስጽፍ፥ ከሁሉ በፊት የማስታውሰው የኦባሜያንግን ግብ ሳይሆን ያን የሁለት እጅ ጭብጨባ ነው። በር መክፈት ብቻ ሳይሆን መዝጋትም አንዳንድ ጊዜ የፍቅር ሥራ መሆኑን ከአጎቴ ተምሬአለሁ። ሩቅ ሆኖም አብሮ መሆን እንደሚቻል ያስተማሩኝ ግን አባባ ናቸው። እኚህ ሰው ዛሬም በዚያው ሱቅ አሉ። በዚህ መጽሔት ላይ በሚወጣው የክፍላችን ፎቶግራፍ የምታዩትን የእኔን ዩኒፎርም የሰፉት እርሳቸው ናቸው፤ ዋጋውንም ከነመርፌው ሙሉውን ከፍያለሁ።